«መስቀል አደባባይ» ስንት ፒክስል ነው? በስልክ ግራፊክስ የጽሑፍን ስፋት ስለመለካት

ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ፣ ብሔራዊ ትያትርንና ለገሃርን አልፎ በስታዲየም በኩል መስቀል አደባባይ የሚደርስ የታክሲ መስመር በስልክ ስክሪን ላይ በሥዕል የሚያሳይ መተግበሪያ መሥራት በጀመርሁ ጊዜ፣ ያስቸግረኛል ብዬ የፈራሁት የመንገዱ መታጠፊያ ነበር። መንገዱ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተስሎ አለቀ። ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ የፌርማታዎቹን ስም በየሳጥናቸው ውስጥ በትክክል ማስቀመጥ ነው። በእኔ ስልክ ላይ አምሮ የሚታየው «መስቀል አደባባይ» በአንድ ባልደረባዬ ስልክ ላይ «መስቀል» ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ «አደባባይ» የሚለው ቃል ከነጭራሹ አልነበረም። ኮዱ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ የፊደሉ መጠን አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ጽሑፍ በስክሪን ላይ እንዴት እንደሚለካ ከሥሩ መማር ነበረብኝ። ለዚያ ጥፋት ምክንያት የሆነው ከአንድ ፒክስል፣ ማለትም ስክሪኑ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ከአንዷ፣ ያነሰ ስሕተት ነበር፤ ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የሚመለከተው ጽሑፍን በካንቫስ፣ ማለትም ፕሮግራሙ እንደ ልቡ በሚስልበት ባዶ የስክሪን ሰሌዳ፣ ላይ በራሱ የሚስልን ፕሮግራመር ነው። እንደ አንድሮይዱ ቴክስት ቪው ያሉ ዝግጁ የጽሑፍ ማሳያዎችን የሚጠቀም ሰው ልኬቱን ሲስተሙ ይሠራለታል፤ መስመር ሲሞላ ወደ ታች ያወርድለታል፣ ሳጥኑን ከጽሑፉ ጋር ያሰፋለታል። ካርታ፣ ግራፍ፣ የጨዋታ ነጥብ፣ የምስክር ወረቀት ወይም የትዕዛዝ ወረቀት የሚስል ፕሮግራመር ግን «ድሮው ቴክስት» የሚለውን ትእዛዝ ሲጠራ ካንቫሱ ጽሑፉን በተነገረው ነጥብ ላይ አኑሮ ዝም ይላል። ጽሑፉ ከሳጥኑ ቢያልፍ፣ ከጎረቤቱ ስም ጋር ቢደራረብ፣ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ቢወድቅ የሚያስጠነቅቅ የለም። ስለዚህ ከመሳል በፊት መለካት የሠሪው ፈንታ ነው።

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ዘዴ ፊደሎቹን ቆጥሮ በአንድ ቁጥር ማባዛት ነው። ይህ ዘዴ በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፉ በነበሩ ራፖር ጸሐፊዎች የጽሕፈት መኪና ላይ ይሠራ ነበር፤ የመኪናው ጋሪ አንድ እርምጃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚሄደው እኩል ርቀት ስለ ነበረ የመስመሩን ስፋት በእርምጃ ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል። በስልክ ላይ ያሉ የፊደል ቅርጾች ስብስቦች፣ ፎንቶች የሚባሉት፣ ግን እንዲህ አይደሉም። «ገንዘብ» አራት ፊደል ነው፤ «ጨጨብሳ»ም አራት ፊደል ነው። ነገር ግን ገ በአንድ ቀጭን እግር ትቆማለች፣ ጨ ደግሞ ሦስት እግር ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ሁለቱን ቃላት አንዱን ከሌላው በታች ብትጽፏቸው ልዩነቱን በዓይን ታዩታላችሁ። የፊደል ቁጥር የጽሑፉን ርዝመት ይነግራል እንጂ ስፋቱን አይነግርም።

ስፋት ስንልም አንድ ነገር ብቻ ማለታችን አይደለም፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ በአንድ ረድፍ የተቀመጡ ሰዎችን አስቡ። እያንዳንዱ ተሳፋሪ የተመደበለት መቀመጫ አለው፤ ቀጭን ሰው ከተቀመጠ በግራና በቀኙ ክፍት ቦታ ይተርፋል፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው ከተቀመጠ ደግሞ ወደ ጎረቤቱ ያልፋል። የረድፉን ስፋት ለካ ብትባሉ ሁለት ልክ የሆኑ መልሶች አሏችሁ፤ አንደኛው የመቀመጫዎቹ ድምር ነው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሰው የግራ ትከሻ እስከ መጨረሻው ሰው የቀኝ ትከሻ ያለው ርቀት ነው።

ፎንትም እንደዚሁ ነው። ፎንት ሠሪው ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የመቀመጫ ስፋት ይመድባል፤ ፊደሉ ከተሳለ በኋላ እስክሪብቶው ምን ያህል ወደ ቀኝ መሄድ እንዳለበት የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። ይህን የመቀመጫ ስፋት የሚደምረው በአንድሮይድ «ሜዠር ቴክስት» የሚባለው ተግባር ሲሆን መልሱን ከነክፍልፋዩ ይሰጣል። በሌላ በኩል «ጌት ቴክስት ባውንድስ» የሚባለው ተግባር መቀመጫውን ትቶ ቀለሙን ይለካል፤ በእርግጥ ቀለም የሚነካቸውን ፒክስሎች የሚከብበውን ትንሹን አራት ማዕዘን በሙሉ ቁጥር ይመልሳል። ለዚህ ጽሑፍ ስል የመጀመሪያውን የመቀመጫ ስፋት፣ ሁለተኛውን የቀለም ስፋት እላቸዋለሁ።

ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ እንጂ እኩል አይሆኑም። በቃሉ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ካለ የመቀመጫው ስፋት ክፍት ቦታውን ይቆጥረዋል፤ የቀለም ስፋት ግን ባዶ ቦታ ቀለም ስለሌለው አይቆጥረውም። ዘንበል ያለ ፎንት ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ የመጨረሻው ፊደል ራስ ከመቀመጫው ወደ ቀኝ ስለሚወጣ፣ በመቀመጫ ስፋት ልክ በተቆረጠ ሳጥን ውስጥ የፊደሉ ጫፍ ይታረዳል። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ የቀለሙ አራት ማዕዘን የግራ ጠርዝ ሁልጊዜ ዜሮ አይደለም። አንድ ቃል ከዜሮ ነጥብ ጀምሮ ሲሳል የመጀመሪያው ፊደል በመቀመጫው ውስጥ ጥቂት ገባ ብሎ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ የቀለሙ ግራ 3፣ ቀኙ 93 ሊሆን ይችላል። የቀለም ስፋቱ 90 ነው፤ ነገር ግን ይህን 90 ይዞ ጽሑፉን መካከል ላይ ለማድረግ ግማሹን 45 ብቻ የቀነሰ ሰው ጽሑፉ በ3 ፒክስል ወደ ቀኝ ያዘነብልበታል። ትክክለኛው አሠራር ግራና ቀኙን ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ማለትም 48ን ከመካከለኛው ነጥብ መቀነስ ነው።

የትኛውን መቼ እንጠቀም? ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር የምናስከትል ከሆነ፣ ለምሳሌ ስሙን በጥቁር ጽፈን ከጎኑ ዋጋውን በቀይ ልንቀጥል ከሆነ፣ የመቀመጫ ስፋት ነው የሚያስፈልገን፤ ፎንት ሠሪው በፊደላቱ መካከል ያሰበውን አየር የሚጠብቅልን እሱ ብቻ ነው። በክብ ውስጥ የአውቶቡስ ቁጥር ስናስቀምጥ ወይም አንድ ትልቅ ፊደል በአይከን ላይ ስንስል ግን ዓይን የሚያየው ቀለሙን ስለሆነ የቀለሙን አራት ማዕዘን መጠቀም ይሻላል። እኔ ለፌርማታ ስሞች የመቀመጫ ስፋትን ወስጄ በግራና በቀኝ ጥቂት ትርፍ እጨምርበታለሁ፤ ሳጥኑ ከቃል ወደ ቃል አይንቀጠቀጥም።

እስካሁን ስለ ቃሉ ስናወራ ቆየን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቃሉ ብቻውን ስፋት የለውም። ታፔላ የሚጽፍ ሠዓሊ «ይህ የሱቅ ስም ስንት ሜትር ይፈጃል?» ቢባል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፊደሉ ቁመትና ስለ አጻጻፉ ዓይነት ነው፤ ከዚያ በጠመኔ መስመር አስምሮ፣ ፊደሎቹን በስሱ ነድፎ፣ እንደሚበቃው ካየ በኋላ ነው ቀለም የሚያነሣው። በአንድሮይድ የዚህ ሠዓሊ ብሩሽ «ፔይንት» የሚባለው ነገር ነው። ፎንቱ፣ መጠኑ፣ ድምቀቱ፣ በፊደላት መካከል የተጨመረው ርቀት፣ ሁሉም በፔይንቱ ውስጥ ናቸው። መለካት ማለት ፔይንቱን መጠየቅ ማለት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ፔይንት ለክቶ በሌላ ፔይንት የሚስል ሰው የራሱን ሳይሆን የሰው ልብስ ለክቶ እንደሚያሰፋ ሰው ነው። ይህ ስሕተት ሩቅ አይደለም። ስሙን በቀጭን ፊደል ለክቶ፣ ከዚያ ተመራጩ ፌርማታ ጎላ እንዲል ድምቀቱን ጨምሮ በሚስል ኮድ ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል።

መጠኑን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ለፔይንት የሚሰጠው የፊደል መጠን በፒክስል ነው። የገጽ ንድፍ ባለሙያው «16 ኤስፒ» (ኤስፒ በስክሪኑ የነጥብ ብዛትና በባለ ስልኩ የፊደል ሴቲንግ ልክ የሚያድግ የአንድሮይድ የፊደል መለኪያ ነው) ብሎ ከጻፈና ፕሮግራመሩ 16ን እንዳለ ለፔይንቱ ከሰጠ፣ በዘመኑ ስልክ ላይ ጽሑፉ ለማንበብ የሚያዳግት ጭረት ይሆናል። አንድሮይድ መነሻ የሚያደርገው በኢንች 160 ነጥብ ያለውን ስክሪን ነው፤ በኢንች 480 ነጥብ ባለው ስልክ ላይ 16 ኤስፒ 48 ፒክስል ነው። ባለ ስልኩ በሴቲንግ ገብቶ ፊደሉን በ1.3 እጥፍ ካሳደገው ደግሞ፣ ከአንድሮይድ 14 በፊት ባሉት ስሪቶች 62.4 ይሆናል። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ፊደልን እስከ 200 በመቶ ማሳደግ ይቻላል፤ እድገቱም ትልልቁን ፊደል ከትንንሹ ባነሰ መጠን ስለሚያሳድግ፣ አንድን የማባዣ ቁጥር ይዞ በራስ ማባዛት ልክ አይመጣም። ልወጣውን ለሲስተሙ መተው ያስፈልጋል። ዓይናቸው የደከመ አባቶችና እናቶች ፊደሉን አሳድገው ነው የሚጠቀሙት፤ የእኛ ሳጥን በእነርሱ ስልክ ላይ ቢሰበር መተግበሪያው ያልሠራው በጣም ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ፎንቱ ነው። የአንድሮይድ መደበኛ ፎንት ሮቦቶ ሲሆን በውስጡ የግዕዝ ፊደል የለም። ፔይንቱን «በሮቦቶ ሳል» ብለን «ለገሃር» የሚለውን ስንሰጠው፣ ሲስተሙ ፊደሎቹን በሮቦቶ ውስጥ ፈልጎ ሲያጣቸው ወደ ምትክ ፎንት ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው። አንዳንድ ስልክ አምራች ግን የራሱን የግዕዝ ፎንት ያስገባል፤ በአይፎን ደግሞ ምትኩ ሌላ ነው። እንግዲህ ፕሮግራመሩ አንድ ፎንት የመረጠ እየመሰለው፣ ቃሉ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ በሌላ ፎንት ይሳላል ማለት ነው። ሜዠር ቴክስት ምትኩን ፎንት ስለሚያውቅ በዚያው ስልክ ላይ የሚሰጠው ስፋት ትክክል ነው። ስሕተቱ በቢሮው ስልክ ላይ የተገኘውን ቁጥር በኮዱ ውስጥ መጻፍ ነው። ከፈለጋችሁ የግዕዝ ፎንቱን ከመተግበሪያው ጋር አብራችሁ አስገቡት፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ ይህን ማድረግ ይቻላል፣ እኔም በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እንዲያም ሆኖ መለካቱን አልተውሁም።

የግዕዝ ፊደል ከአንዳንድ ፊደላት ጋር ሲነጻጸር ለመለካት የዋህ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ራሱን ችሎ ይቆማል፤ እንደ ዓረብኛ በቃሉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ መልኩን አይለውጥም። የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የጋራ ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የራሱ ክፍል አለው፤ ሆሄው ከነአናባቢው አንድ ምልክት ነው። ቢሆንም ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለክቶ መደመርን ልማድ ማድረግ አይገባም። ያው መተግበሪያ ነገ የላቲን ስም ሊያሳይ ይችላል፤ በላቲን ኤ እና ቪ ጎን ለጎን ሲቆሙ ፎንቱ ያቀራርባቸዋልና የሁለቱ ድምር ከጥምሩ ስፋት ይበልጣል። ሙሉውን ሐረግ በአንድ ጊዜ ማስለካት ይህን ሁሉ ይሸፍናል።

አሁን ወደ ጠፋው «አደባባይ» እንመለስ። የፌርማታውን ስም የምስለው «ስታቲክ ሌይአውት» በሚባለው የአንድሮይድ መሣሪያ ነበር፤ ይህ መሣሪያ ስፋት ሲሰጠው ጽሑፉን በዚያ ስፋት ውስጥ በመስመር ይደለድላል። ስፋቱን በሜዠር ቴክስት ለክቼ እሰጠዋለሁ። መሣሪያው የሚቀበለው ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ክፍልፋዩን ቆርጬ እጥለው ነበር። በእኔ ስልክ ላይ ልኬቱ እንደ አጋጣሚ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ስለ መጣ ምንም አልተበላሸም። በባልደረባዬ ስልክ ላይ ግን «መስቀል አደባባይ» 141.6 ፒክስል ነበር፤ እኔ 141 ብዬ ሰጠሁት። መሣሪያው ግዴታውን ተወጣ፤ 141.6 በ141 ውስጥ አይገባምና ሁለተኛውን ቃል ወደ ሁለተኛ መስመር አወረደው። ሳጥኔ የአንድ መስመር ቁመት ብቻ ስለ ነበረው ሁለተኛው መስመር ከሳጥኑ ውጭ ሆኖ ተቆረጠ። የ0.6 ፒክስል ጉድለት አንድ ሙሉ ቃል በላ። መፍትሔው ክፍልፋዩን ሁልጊዜ ወደ ላይ ማጠጋጋት ነው፤ 141.6 ሲመጣ 142 ማለት። አፕልም ለራሱ ተመሳሳይ ተግባር በጻፈው መመሪያ ውጤቱን ወደሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር ከፍ አድርጉ ብሎ ያዝዛል። በተጨማሪም ጽሑፉ በውስጡ የተለያየ ድምቀትና መጠን ያላቸው ክፍሎች ካሉት፣ በፔይንት ፋንታ «ሌይአውት» ራሱ ያለውን የተፈላጊ ስፋት ተግባር መጠየቅ ይሻላል፤ ፔይንቱ ስለ ክፍሎቹ የሚያውቀው ነገር የለምና።

ቁመትን ካላነሣን ስፋቱ ብቻውን ሳጥን አይሠራም። ድሮው ቴክስት የሚቀበለው የቁመት ነጥብ የጽሑፉ ራስም እግርም አይደለም፤ ፊደሎቹ የሚቆሙበት የመነሻ መስመር ነው፣ ልክ ታፔላ ጸሐፊው በጠመኔ እንደሚያሰምረው የታችኛው መስመር። ስለዚህ ጽሑፍን በዜሮ ነጥብ ላይ የሳለ ጀማሪ ፊደሎቹ ከስክሪኑ በላይ ወጥተው ይጠፉበታል። ከመነሻው መስመር ወደ ላይ ያለው ልክ «አሴንት»፣ ወደ ታች ያለው «ዲሴንት» ይባላል፤ በስክሪን ላይ ቁጥር ወደ ታች ስለሚያድግ አሴንት ከዜሮ በታች ነው። ጽሑፉን በሳጥን መካከል ለማቆም ሁለቱን ደምሮ፣ ለሁለት አካፍሎ፣ ከሳጥኑ መካከለኛ ነጥብ መቀነስ ነው። አሴንት ከዜሮ በታች 44፣ ዲሴንት 12 ቢሆን ድምሩ ከዜሮ በታች 32 ነው፤ የሳጥኑ መካከል 100 ላይ ከሆነ መነሻው መስመር 116 ላይ ይውላል።

እዚህም ላይ አማርኛ የራሱ ጉዳይ አለው። ፔይንቱ አሴንትና ዲሴንት ሲጠየቅ የሚመልሰው የዋናውን ፎንት፣ የሮቦቶን ልክ ነው፤ ፊደሎቹን የሚስለው ግን ምትኩ ፎንት ነው። ስፋቱን ከምትኩ፣ ቁመቱን ከዋናው ይዘን ሳጥን ከሠራን፣ ራሳቸው ላይ መስመር ያላቸው እንደ ሸና ኘ ያሉ፣ ግርጌያቸው ላይ ጭረት ያላቸው እንደ ቋና ሏ ያሉ ፊደሎች ሊነካኩብን ይችላሉ። ለስታቲክ ሌይአውት ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ የምትክ ፎንትን ቁመት እንዲያከብር የሚያዝ አማራጭ አለ። በቀጥታ ለሚስሉ ደግሞ ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ጽሑፉን ራሱን ተቀብሎ የተጠቀመባቸውን ፎንቶች ቁመት የሚመልስ ተግባር ተጨምሯል። ለቆዩ ስልኮች የቀረው መንገድ የግዕዝ ፎንቱን ዋና ፎንት አድርጎ ለፔይንቱ መስጠት ነው። እኔ ቁመትን ስፈትን ሁልጊዜ «ሿ»ን እጠቀማለሁ፤ ራሷም ላይ ግርጌዋም ላይ ጭረት ስላላት እርሷ ያልተቆረጠችበት ሳጥን ውስጥ ሌላው ይገባል። «ፏፏቴ»ም ጥሩ መፈተኛ ነው።

ለክተን ካልበቃንስ? አብዛኛው መመሪያ የሚለው መጨረሻውን ቆርጦ ሦስት ነጥብ መጨመር ነው፤ አንድሮይድም ይህን የሚያደርግ ዝግጁ ተግባር አለው። ለቦታ ስም ግን ይህን አልመክርም። በመሀል አዲስ አበባ ካርታ ላይ ብሔራዊ ትያትር አለ፣ ብሔራዊ ባንክ አለ፣ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፣ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት አለ፤ አራቱንም ቆርጠን «ብሔራዊ» ከሦስት ነጥብ ጋር ካስቀረናቸው ካርታው ለመንገደኛው የሚነግረው ነገር የለም። አማርኛ ለዚህ የቆየ የራሱ ልማድ አለው፤ ትምህርት ቤትን ት/ቤት፣ መሥሪያ ቤትን መ/ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንን ቤ/ክርስቲያን እንላለን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ስም አስቀምጫለሁ፤ ሙሉውን አስለካለሁ፣ ካልበቃ አጭሩን አስለካለሁ። አጭሩም ካልበቃ ብቻ የፊደሉን መጠን አሳንሳለሁ። ማሳነሱ ቀላል ስሌት ነው፤ በ40 መጠን 300 ፒክስል የሆነ ስም በ240 ፒክስል ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ መጠኑ 32 ይሆናል። ነገር ግን ፎንት በየመጠኑ ፍጹም በተመጣጠነ መንገድ ላይቀንስ ስለሚችል፣ በ32 እንደገና ለክቶ ማረጋገጥና ከ240 ትንሽ ካለፈ አንድ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ከተወሰነ መጠን በታች ግን አልወርድም፤ የማይነበብ ስም ከነጭራሹ ካልተጻፈ ስም አይሻልም።

በረዥም ጽሑፍ ላይ መስመር መስበር ይመጣል። «ብሬክ ቴክስት» የሚባለው ተግባር በተሰጠው ስፋት ውስጥ ስንት ፊደል እንደሚገባ ይነግራል፤ የቃል ወሰን ግን አያውቅም፣ «አደባባይ»ን «አደባ» ላይ ሊከፍለው ይችላል። የመለሰውን ቁጥር ይዞ ወደ ኋላ፣ እስከ መጨረሻው ክፍት ቦታ ድረስ መመለስ የእኛ ሥራ ነው። በሁለት ነጥብ የተለያዩ የቆዩ ጽሑፎች ከሆኑ ደግሞ ከ፡ በኋላ መስበር ይቻላል፤ አራት ነጥብ ግን ከቃሉ ተለይቶ አዲስ መስመር መጀመር የለበትም።

ይህ ሁሉ በተግባር ጥርት ብሎ የሚታየው በትንሿ የሙቀት ማተሚያ ላይ ነው። አንድ ምግብ ቤት አስተናጋጁ በስልኩ የመዘገበውን ትዕዛዝ በብሉቱዝ ወደ ወጥ ቤት ማተሚያ ይልካል እንበል። ብዙዎቹ ርካሽ ማተሚያዎች የግዕዝ ፊደል ስለማያውቁ፣ ስልኩ ወረቀቱን እንደ ሥዕል ስሎ ይልክላቸዋል። የ58 ሚሊ ሜትር ወረቀት የሚጠቀሙት እነዚህ ማተሚያዎች በሚሊ ሜትር 8 ነጥብ፣ በጠቅላላው 384 ነጥብ በስፋት ያትማሉ፤ 385ኛ ነጥብ የለም። የምግቡ ስም ከግራ፣ ዋጋው ከቀኝ ይሰለፋል። ዋጋው 90 ነጥብ ስፋት ካለው መነሻው 384 ሲቀነስ 90፣ ማለትም 294 ላይ ነው። በመካከል 14 ነጥብ አየር ብንተው ለምግቡ ስም 280 ይቀራል። «ሻይ» እንደ ልቡ ይቀመጣል፤ «ልዩ የጾም በያይነቱ ከሰላጣ ጋር» ግን ሁለት መስመር ይፈልጋል። በስክሪን ላይ ከጠርዙ አልፎ የወጣ ጽሑፍ በጣት ተጎትቶ ይታይ ይሆናል፤ በወረቀት ላይ የተቆረጠ ዋጋ ግን የተቆረጠ ነው፣ 250 ብር 25 ሆኖ ይነበባል። ማተሚያው ኤስፒን ስለማያውቅ፣ እዚህ ላይ የፊደሉን መጠን በቀጥታ በነጥብ መስጠት ነው ትክክሉ፤ የአስተናጋጁ የፊደል ሴቲንግ ወረቀቱን እንዲያዛባ መፍቀድ አይገባም።

በሌሎች መድረኮች ስሙ ይለያይ እንጂ ጉዳዩ አንድ ነው። በአይፎን ኮር ቴክስት የሚባለው የጽሑፍ መሣሪያ ለመቀመጫውና ለቀለሙ ሁለት የተለያዩ ተግባሮች አሉት። በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም መተግበሪያ በሚሠራበት በፍላተር «ቴክስት ፔይንተር» የሚባለው መሣሪያ አለ፤ መጀመሪያ «ሌይአውት» ብሎ ካላዘዙት በቀር ስፋቱን አይናገርም። የአንድሮይድ አዲሱ የገጽ መሥሪያ በሆነው በጄትፓክ ኮምፖዝ «ቴክስት ሜዠረር» ይህንኑ ይሠራል። በዌብ ካንቫስ ደግሞ አንድ ተግባር ሁለቱንም ልኮች አንድ ላይ ይመልሳል፤ ነገር ግን ፎንቱ ከኢንተርኔት ወርዶ ሳይጨርስ ከተጠየቀ የምትኩን ፎንት ልክ ሰጥቶ ያሳስታል።

የመለኪያው ጊዜም ዋጋ አለው። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚሰጠው 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ካርታው በጣት ሲጎተት የሠላሳ ፌርማታ ስም በየሥዕሉ እንደገና ማስለካት ስልኩን ያለ ምክንያት ያደክማል። ልኬቱን አንድ ጊዜ ወስዶ ከስሙ ጋር ማስቀመጥ፣ የሚለወጥ ነገር ሲኖር ብቻ መጣል ይበቃል፤ የሚለወጡትም ጽሑፉ፣ መጠኑ፣ ፎንቱና የባለ ስልኩ ሴቲንግ ናቸው። የመጨረሻውን የሚረሳ ብዙ ነው። ሰውየው ከመተግበሪያው ወጥቶ ፊደሉን አሳድጎ ሲመለስ አሮጌው ልኬት በማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ አዲሱ ትልቅ ፊደልም በአሮጌው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይሳላል።

አሁን አዲስ ስሪት ከማውጣቴ በፊት ሦስት ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፤ አንዱ የቆየና ርካሽ፣ አንዱ አዲስ፣ አንዱ ፊደሉ እስከ መጨረሻው ያደገ። በሦስቱም ላይ ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ ያለውን መስመር ከፍቼ፣ የእያንዳንዱን ሳጥን የቀኝ ጠርዝ በዓይኔ እከተላለሁ፤ «ሿ» የተጻፈበትን የመፈተኛ ፌርማታም በመጨረሻ አያለሁ። ሦስቱም ላይ ሙሉ ሆኖ ከተነበበ የመፈተኛውን ፌርማታ ከዝርዝሩ አውጥቼ ስሪቱን እልካለሁ።